አያቱ ሳትመጣ

ከሙዱላ የወጣነው ዶሮ ሳይጮህ ነው። ባለቤቴ ኤርሚያስ ሆሳዕና ላይ በመምህርነት ተመድቦ፣ ዝናቡ ሳይቀድመን ወንዙን እንሻገር እያለ በጨለማ በቅሎዋን ጭኖ ደጅ ቆሟል። እኔ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ሆዴ ገፍቷል፤ የእናቴን ቤት ምሰሶ አቅፌ አልለቅም ብያለሁ። እናቴ አላለቀሰችም። እሷ ስትናደድ እንጂ ስታዝን አታለቅስም። ጣቶቼን አንድ በአንድ ከምሰሶው አላቀቀችና፣ «ሂጂ፤ ባል ተከትሎ መሄድ ያለ ነው። ልጁን ግን እኔ ሳልመጣ ማንም እንዳያወጣው። በሩን ዝጊና ጠብቂኝ» አለችኝ።

ሙዱላ ላላችሁት ይህን ማስረዳት አያሻኝም፤ ለሌላው ግን ልናገር። በእኛ ቤት ሕፃን ሲወለድ ፀሐይ የሚያየው የእናቱ እናት መጥታ ግንባሩን ቅቤ ቀብታ፣ በክንዷ ታቅፋ ደጃፉን ስታሻግረው ነው። ፊቱን ወደ ፀሐይ አዙራ፣ «ይኸው መንገድህ፣ ሂድበት ተመለስበትም» ትለዋለች። እኔን አያቴ አውጥታኛለች፤ የእህቶቼን ልጆች ሁሉ እናቴ አውጥታለች። ኤርሚያስ የሚሲዮን ተማሪ ነውና ለእንዲህ ያለው ወግ ፊቱን ይከሰክሳል፤ የእናቴን ፊት ሲያይ ግን ዞሮ የበቅሎዋን ጭነት ማጥበቅ ጀመረ።

ከሙዱላ ሆሳዕና መሄድ ደግሞ ምን ስደት ነው ትሉኝ ይሆናል። ማን ይናገር የነበረ! ሆሳዕና ስንገባ ሰዉ በሐዲይኛ ያወራል፣ ቢሮው በአማርኛ ይቆጣል፣ እኔ በጠምባሮኛ አፌን ይዤ እቆማለሁ። ብርዱ ጠዋት ጠዋት ጆሮ ይቆነጥጣል። እኛ ዘንድ አዲስ ሰው ጎጆ ሲገባ ጎረቤቱ እሳት ይዞ ይመጣል፤ እዚያ ግን ቤት ለእንቦሳ ያለን አንድ ሰው አልነበረም።

የተከራየነው እትዬ አስካለ የሚባሉ የወታደር ሚስት የነበሩ ባልቴት ግቢ፣ ዋናው መንገድ ላይ የምትከፈት አንዲት ክፍል ነው። ስሜን ስነግራቸው ሁለት ጊዜ ሞክረው፣ «ይሄማ ምላስ ይሰብራል፤ አስቴር ብዬሻለሁ» አሉና ገላገሉኝ። ኤርሚያስም ለሰላም ሲል አስቴር ይለኝ ጀመር። ቆጮ ስጋግር አፍንጫቸውን ይዘው ብቅ ይላሉ።

«ምንድን ነው ይሄ የሚሸተው?»

«ቆጮ ነው፣ እትዬ። እርስዎም ባለፈው በልተው የለ?»

«እሱማ ከክትፎ ጋር ነው! ከክትፎ ጋር ምግብ ነው፤ ለብቻው ይሸታል።»

መስከረም ሲጠባ ወንድ ልጅ ተገላገልኩ። አገሬ ብሆን ኖሮ እህቶቼ ተራ ገብተው ቡላ ገንፎ እያገነፉ፣ ክንዴን እንኳ ሳላነሳ ወገቤ ይጠና ነበር። እዚህ ኤርሚያስ ከትምህርት ቤት መጥቶ የሚያገነፋው ገንፎ ግማሹ ጓል፣ ግማሹ ውሃ ነው። እያለቀስኩ በላሁት፤ ለልጁ ወተት ይሆናል ብዬ።

እናቴ ወዲያው እንዳትመጣ ወንዙ ሞልቷል። ዝንጅብል የሚነግዱ ያገሬ ሰዎች በየጊዜው ብቅ እያሉ፣ «ውሃው ሲጎድል እመጣለሁ፤ በሩን አደራ ብላለች» ይሉኛል። እኔም በሩን ዘግቼ ልጄን በጭለማው ሳሳድግ ሰነበትኩ። በመጨረሻ ኤርሚያስ ቀን ቆረጠ። «ጥቅምት ላይ የዘውድ በዓል አለ። ትምህርት የለም፤ ቤት እውላለሁ፤ ያን ቀን ትምጣ» አለ። እኔም ደስ አለኝ። ሁለታችንም የገጠር ሰዎች ነን፤ በዓል ሲባል የምናውቀው በር ተከፍቶ እንግዳ የሚገባበትን ነው። የመንግሥት በዓል መንገድ የሚዘጋበት መሆኑን ማን ነገረን? ቀጠሮውን ለነጋዴዎቹ ሰጠናቸው፤ ሄደ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ የእኔ ጉድ ጥቅምትን ጠብቆ መጣ። በበዓሉ ዋዜማ የሰፈሩ ሹም ከአንድ ዘበኛ ጋር በሬን መቱ። ከአዲስ አበባ ትልቅ ሰው ይመጣልና በመንገዱ ዳር ያለ ቤት ሁሉ ይዘጋጅ ተብሏል።

«እዚህ ክፍል ስንት ነፍስ አለ?»

«ሦስት ነን፣ ጌታዬ። ባለቤቴ መምህር ነው፤ ነገ ተማሪዎቹን ያሰልፋል አሉ።»

«እንግዲያው እናንተ ሁለታችሁ ደጅ ትቆማላችሁ። ነጭ ልብስ፣ ባንዲራ በእጅ፣ በሩም ወለል ብሎ ይከፈት።»

«ልጁ ገና አልወጣም፣ ጌታዬ።»

«ከየት ነው ያልወጣው?»

«ከቤት።»

«እና ነገ ይውጣ! ከዚህ የበለጠ ምን ቀን ይፈልጋል?»

«የምታወጣው አያቱ ናት።»

«አያቱ ማን ናቸው? ሹመት አላቸው?»

«የሙዱላ ገበሬ ናት።»

ሹሙ ወደ ዘበኛው ዞረው፣ «ሰማህ? የሙዱላ ገበሬ እስክትደርስ መኪናው ይቁም ብለን እንንገርላት» አሉት። ዘበኛው ከት ብሎ ሳቀ። እትዬ አስካለ አልሳቁም። ሹሙ ሲሄዱ በሩ ላይ ቆመው፣ «ነገ ቤቴ ተዘግቶ ከታየ ክሱ የሚመጣው በስሜ ነው። የማትወጪ ከሆነ ሌላ ቤት ፈልጊ» አሉኝ።

በማግሥቱ ኤርሚያስ ያችኑ አንድ ካፖርቱን ለብሶ በማለዳ ወጣ። «እናትሽ ከሰልፉ በፊት ትደርሳለች፤ አትፍሪ» አለኝ፤ ዓይኔን ግን አላየኝም። እኔ ልጄን አቅፌ ከበሩ ጀርባ ተቀመጥኩ። ኮቴ በሰማሁ ቁጥር የእናቴን እርምጃ እፈልጋለሁ። እሷ ስትራመድ ቀኝ እግሯን ትንሽ ትጎትታለች፤ ከሺህ ሰው መሀል አውቀዋለሁ። ከበሮ ሰማሁ፣ መዝሙር ሰማሁ፣ የእትዬ አስካለን እልልታ ሰማሁ፤ የሚጎተተውን እግር ግን አልሰማሁም።

በሩ ተበርግዶ ተከፈተ። «መኪናው ከላይ ታይቷል! ነይ ውጪ!» አሉ እትዬ አስካለ። አልነሳም አልኩ። «አንቺ ካልወጣሽ ልጁን ስጪኝ፤ ሰው አለ ይባል!» ጡቴ አፉ ውስጥ እንዳለ ሳቡት። ያዝኩት። ከዚያ ክፍሏን አሰብኩ፤ በጥቅምት ብርድ አራስ ገላዬን ይዤ ቤት ስለምን ታየኝ። ክንዴ ላላ። ልጄ በባዕድ ክንድ፣ ግንባሩ ላይ ጠብታ ቅቤ ሳይነካው፣ ደጃፉን ተሻገረ።

በበሩ ክፍተት ሁሉንም አይቻለሁ። እትዬ አስካለ ወደ ላይ ከፍ አድርገው ያዙት። መኪናው መስተዋቱን ዘግቶ በረረ፤ ውስጥ ያለው ሰው ይተኛ ይንቃ አላውቅም፣ ወደ እኛ በኩል ግን አልዞረም። አቧራው ተነሣ። ልጄ አስነጠሰ። አለቀ፤ በዓሉ ይኸው ነበር። ክፍሏን ግን አልተቀማንም፤ እትዬ አስካለም ልጁን ሲመልሱልኝ ደስ ብሏቸው፣ «ፀሐይ ሞቀው! እድለኛ ልጅ ነው» ብለው ጉንጬን ሳሙኝ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ይህ ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ።

እናቴ የደረሰችው ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው። እግሯን እየጎተተች ገባች። ጀርባዋ ላይ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቡላ፣ በእቅፏ የቅቤ ቅል። ገና ሳትቀመጥ ወሬዋን ጀመረች፤ በገዛ ቋንቋዬ ስንት ጊዜዬ ሰው ሲያወራኝ! ጠዋት ደርሳ ኖሮ፣ ሸክም ያለው ገጠሬ አያልፍም ብለው ከመንገዱ ማዶ በገመድ ከልለው አቁመዋታል።

«ፖሊሱ ይጮህብኛል፣ እኔ አልሰማው፣ እሱ አይሰማኝ፤ እንዲሁ ስንተያይ ዋልን» ብላ ሳቀች። «ከማዶ ሆኜ ደግሞ ምን አየሁ መሰለሽ፤ አንዲት ወፍራም ሴት እንዲህ ያለ ጨቅላ አቧራ ላይ ከፍ አድርጋ ይዛ ታውለበልበዋለች። ይህ ልጅ አያት የለውም እንዴ አልኩ በልቤ። አዘንኩለት።»

ልጁን ከእቅፌ ተቀብላ ጨርቁን ስትገልጥ፣ በመጠቅለያው እጥፋት ውስጥ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ የተቀባች የወረቀት ባንዲራ ወጣች። እትዬ አስካለ ሰክተውለት የነበረችውን እኔም አላየኋትም። እናቴ ወረቀቷን በሁለት ጣት ያዘቻት። የልጁን ቅንድብ አየች፤ አቧራው አልለቀቀም ነበር። ከዚያ እኔን አየችኝ። ሳቋ ፊቷ ላይ ቀስ እያለ ሞተ።

«ልጄ፣ እሱ ነበር?»

ራሴን ነቀነቅሁ። ያን ጊዜ እናቴ አለቀሰች። ስትናደድ እንደምታለቅስ ነግሬያችኋለሁ።

ቅንድቡን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ መደቡ ላይ አስተኛችው። «የወጣ ልጅ ሁለተኛ አይወጣም» አለች። ቅሉን ከፈተች። ለልጁ ስትል ያመጣችውን ቅቤ በመዳፏ ዘግና የእኔ አናት ላይ አደረገችው። «አንቺስ ወጥተሻል?» አለችኝ። አልወጣሁም አልኩ። እጄን ይዛ ደጃፉን አሻገረችኝ። ፀሐዩ ሊጠልቅ ጥቂት ቀርቶታል፤ ሰዎች መሰላል ላይ ወጥተው ባንዲራ ያወርዳሉ። ፊቴን ወደ ሙዱላ በኩል አዞረችና፣ «ይኸው መንገድሽ፣ ሂጂበት ተመለሺበትም» አለችኝ። ቅቤው ግንባሬ ላይ እየወረደ ትልቋ ሴት እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ አልተመለስኩበትም። ኤርሚያስን ወደ ሾኔ አዛወሩት። ሾኔ ቢያንስ አይበርድም፤ ገበያው ውስጥ አልፎ አልፎ ያገሬን ቋንቋ እሰማለሁ። ሁለተኛዬን እዚህ ወለድኩ፤ ሴት ናት። እናቴ በነጋዴዎቹ አፍ፣ «ይቺን እንኳ እኔ ሳልመጣ እንዳታወጧት» ብላ ላከችብኝ። እግሯ እንደከፋባት ነግረውኛል። ካለፉት ሁለት ገበያዎች ወዲህ ግን ከሙዱላ የመጣ ነጋዴ አላየሁም። የምጠይቀው ሰው የለም፤ ሙዱላ ስልክ አልገባ።

ይህን ስጽፍ ዛሬም የዘውድ በዓል ነው። ትልቁ ልጄ ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ የወረቀት ባንዲራውን ይዞ ከአባቱ ጋር ተሰልፏል፤ መዝሙሩ እስከዚህ ይሰማል። እኔ በሩን ከውስጥ ቀርቅሬ ልጄን አቅፌ ተቀምጫለሁ። ቅድም ሰልፉን የሚያስተባብሩት ሹሞች መጥተው አንኳኩ። ዝም አልኩ። ልጅቷ ግን አለቀሰችብኝ።

«ሰው አለ እንዴ? ክፈቺ እንጂ! ልጅቷን ይዘሽ ውጪ!»

«አልችልም። አያቷ አልመጣችም» አልኩ።

«አያቷ የት ናቸው?»

ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። ብዙ እግር ያልፋል፤ የሚጎተት እግር ግን የለም።

«መንገድ ላይ ናት» አልኳቸው።