የፍሬም ቤቱ ሞላ

አዲስ የተቆረጠ እንጨትና የሙጫ ሽታ በመንገድ ሳልፍ ድንገት ሲያገኘኝ፣ እግሬ የትም ይሁን የት፣ ልቤ መካ፣ ነካሳ ሰፈር ዳገቱ ላይ ካለችው ፍሬም ቤት ገብቶ ቁጭ ይላል። አባቴ ሰይድ እዚያ የካዕባን ሥዕልና የቁርኣኑን አንቀጽ አያተል ኩርሲን በፍሬም እያበጀ ለሐጅ ለሚመጡት ሑጃጅ የሚሸጥ ሠራተኛ ነበር፤ ሱቁም፣ ማሽኑም፣ ከሱቁ ጀርባ የምንተኛባት ክፍልም ያለ ፊርማው ከሀገሩ መውጣት የማይቻለው የካፊሉ፣ የአሠሪው የአቡ ፈይሰል ነበሩ። የአባቴን ፓስፖርት ካፊሉ መሳቢያው ውስጥ ቆልፎበት ነበር፤ የእኔም ስም የተጻፈው እዚያው ፓስፖርት ላይ ስለነበር፣ እኔም አብሬ የተቆለፍኩ ይመስለኝ ነበር።

እናቴ ጅዳ በሰው ቤት ትሠራ ነበር። ዘመኑ ከሀገር ቤት ሴቱ ሁሉ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ሳዑዲ የሚጎርፍበት ነበርና፣ እሷም እንደ ሌሎቹ ማዳሟ ስትፈቅድላት በዓርብ እየመጣች ጸጉሬን ሠርታልኝ፣ ልብሴን አጥባልኝ፣ ሳትጠግበኝ ትመለስ ነበር። ረጀብ ወር ላይ ወደ እኛ ስትመጣ መንገድ ላይ ፖሊሶች ያዟት፤ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ኢቃማዋ፣ ጊዜው አልፎ ኖሮ፣ የሚባረሩ ሰዎች የሚታሰሩበት ተርሒል አስገብተው ወደ ሀገር ቤት ላኳት። ደሴ ከእህቷ ቤት ሆና ስትደውል፣ «የኔ እናት፣ አባትሽን ይዘሽልኝ ነይ እንጂ!» ትለኝ ነበር፤ አባቴን ይዤ የምሄደው እኔ ይመስል።

አባቴም ጠቅልለን የምንወጣበትን ፈቃድ፣ ኹሩጁን፣ እንዲፈርምለት ካፊሉን ሊለምን ተነሳ። ዕድሉን አያችሁ፣ በዚያው ሰሞን ማሽኑ ተሰበረ። ማሽኑ በእግር የሚረገጥ ሆኖ፣ ሲረገጥ ስለቱ ወርዶ እንጨቱን በሰያፍ የሚቆርጥ፣ እግር ሲነሳለት ደግሞ ስለቱ ተመልሶ ወደ ላይ የሚወጣ ነበር፤ ወደ ላይ የሚመልሰው ሞላ ተሰብሮ ስለቱ እታች ወርዶ ቀረ። አቡ ፈይሰል መጥቶ አይቶት፣ «ያ ሰይድ፣ ረመዳን ደረሰ፣ ለዑምራ የሚመጣው ሰው ሊጎርፍ ነው። ማሽኑ ይሥራ፣ ኹሩጅህን እፈርማለሁ። ኸላስ» አለው። የተሰበረውንም ሞላ «ይጠፋብሃል» ብሎ ነጥቆ፣ ፓስፖርታችን ካለበት መሳቢያ ከተተው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴን የከለከለችኝ ያቺ ጥቅል ሽቦ ነበረች፤ ከሰው በላይ ጠላኋት።

ከረመዳን በፊት ያለው ወር ሻዕባን ሲገባ ካፊሉ ለቀቅ ባደረገን ቀን ሁሉ ሞላ ፍለጋ ወደ ጅዳ እንወርድ ጀመር። ኬላው ላይ ፖሊሱ ኢቃማውን እያገላበጠ ሲያይ አባቴ ጉልበቴን ጭብጥ አድርጎ ይይዝ ነበር። አባቴ ለሰላምታና ለገበያ የሚሆን ዐረብኛ አላነሰውም፣ የመሣሪያ ስም ግን የሚያውቀው ደሴ አናጢ ቤት የተማረውን ብቻ ነበር፤ ሞላ፣ ቪቴ፣ ዳዶ፣ ቡሎን። ጣልያን ጥሎልን የሄደው ቃል መሆኑን ማን ነግሮት፣ እሱ ዐረቦቹም እንዲሁ የሚሉት ይመስለው ነበር። እኔ ደግሞ መካ ተወልጄ ያደግሁት አስተርጓሚዋ፣ የማውቀው ሞላ ባልዲ ሲሞላ ብቻ ነበርና፣ «አባ፣ ምኑ ነው የሞላው?» ስለው፣ «አይ አንቺ ልጅ! ሞላ ነዋ፣ ራሱ ሞላ!» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

በጅዳ አሮጌው ገበያ፣ አል-በለድ ውስጥ፣ አንድ ፓኪስታናዊ የዕቃ መለዋወጫ ነጋዴ ዘንድ ገባንና አባቴ «ሞላ! ሞላ!» እያለ፣ ጥቅልነቱን ለማስረዳት ጣቱን በአየር ላይ ሲያሽከረክር፣ ሲያሽከረክር፣ እጁ ከጭንቅላቱ በላይ ደረሰ። ሰውየው ፊቱ በራ። «ሙላ?» ብሎ የአባቴን እጅ ይዞ፣ ሱቁን ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ፣ በጠባቡ መንገድ እየመራ ከገበያው ጀርባ ወዳለ ትንሽ መስጂድ ወሰደን። እኛም የሞላው መደብር እዚያ ነው ብለን ደስ ብሎን ተከተልነው። ጥምጥማቸውን የጠመጠሙ አንድ ሽማግሌ፣ ፓኪስታኖቹ ሙላ የሚሏቸው የመስጂዱ ሼኽ፣ ወጥተው በክብር አስቀመጡን፤ አባቴ ግራ ገብቶት «ሞላ ተሰብሮብኝ...» ሲል፣ ችግር የደረሰበት ሰው መሆኑ ብቻ ገብቷቸው እጃቸውን ዘርግተው ረጅም ዱዓ አደረጉለት። አባቴም ምን ይበል፣ «አሚን» እያለ ተቀበለ። ወጥተን ጥግ ላይ ቆመን እንባችን እስኪፈስ ሳቅን፤ ሳቁ ሲያልቅ ግን እናቴ ትዝ አለችኝና ማልቀስ ጀመርኩ።

ረመዳን እንዲያው አለፈ። አባቴ ሰያፉን በእጅ መጋዝ እየቆረጠ ያድር ነበር፤ እኔ ደግሞ ሰፈሩ አፈሳ ስለበዛበት ከቤት እንዳልወጣ ተከልክዬ፣ ከተደረደሩት መስታወቶች ኋላ ቁጭ ብዬ የሌሎች ልጆች ጫጫታ እሰማ ነበር። በኢድ ማግስት ግን ጅዳ ካራንቲና ሰፈር ውስጥ፣ የወዳደቀ ብረት የሚሸጥ አንድ የሀገራችን ሰው እንዳለ ሰምተን ሄድን። አባቴ ተስፋ በቆረጠ ድምፅ «ሞላ ይኖርህ ይሆን?» ሲለው፣ ሰውየው ቀና ብሎ፣ «ሞላ? ሞላማ ሞልቷል! ግቡ እንጂ፣ ወንድሜ!» አለ። አባቴ አንገቱ ላይ ተጠመጠመበት፤ በእንጨት ላይ ምልክት አድርጎ በያዘው ልክ እየለካ አንዱን መረጠ።

ሱቅ ደርሰን ከገጠመው በኋላ «በይ ዘይኑ፣ አንቺ ርገጪው» አለኝ። በሁለት እግሬ ወጥቼ ረገጥኩት፤ ስለቱ ወረደ፣ ስወርድለትም ብድግ ብሎ ወጣ። በጭብጨባ ቤቱን አናጋሁት፣ ልብሴንም በፌስታል አስሬ ጠበቅሁ። አቡ ፈይሰል መጣና እሱም ደጋግሞ ረግጦ ካየ በኋላ የአባቴን ትከሻ መታ መታ አድርጎ፣ «ማሻአላህ፣ ያ ሰይድ! አንተ ከሄድክ ይሄን ማን ያሠራልኛል? ከሐጅ በኋላ፣ ኢንሻአላህ» አለ። ሲሰበር ስለተሰበረ፣ ሲጠገን ስለተጠገነ ተከለከልን! አባቴ ፌስታሉን ከእጄ ወስዶ ልብሴን አንድ በአንድ አውጥቶ ምስማሩ ላይ ሰቀለው።

ሐጅም አለፈ፣ ዝናብ ያዘለው ብርድም መጣ። በልመና ብዛት ካፊሉ ለእኔ ብቻ ፈረመልኝ፤ ከቆንስላችን የጉዞ ወረቀት ወጥቶልኝ፣ ወደ ሀገር ለምትገባ ጎረቤታችንም አደራ ተሰጠሁ። ጅዳ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የአባቴን ቀሚስ ይዤ «አንተስ?» ብለው፣ «ማሽኑ እንደገና ሲሰበር እመጣለሁ» ብሎ አሾፈብኝ። እኔ ግን ቀልድ መሆኑን አላወቅሁም። ደሴ ከእናቴ እቅፍ ገብቼ፣ ሰው ሁሉ ለጤናና ለዝናብ ዱዓ ሲያደርግ፣ እኔ «ያ ረቢ፣ ያንን ሞላ ስበርልኝ» እል ነበር።

አባቴ የመጣው እኔ ተድሬ ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው፤ ካፊሉ ሞቶ፣ ልጆቹ ሱቁን ሲዘጉት። እናቴ ጥቂት ዓመት አብራው ኖራ አረፈች፤ አባቴ አሁን ኮምቦልቻ ከእኔ ጋር ነው። ያኔ አንድ ፊርማ ስንጠብቅ ዓመታት አለፉብን፤ ዛሬ የቤቴ በር ከጠዋት እስከ ማታ ክፍት ነው፣ ሰው እንዳሻው ይገባል፣ ይወጣል። አባቴ ግን ለዙህር ሶላት ሲሄድ እንኳ ጫማውን አድርጎ እኔ ወዳለሁበት ይመጣና፣ «ዘይኑ፣ ልውጣ?» ይለኛል። መጀመሪያ ሰሞን «ኧረ አባ፣ ማን ከለከለህ!» እያልኩ እቆጣ ነበር፤ እሱም «እውነትሽን ነው» ብሎ እዚያው ቆሞ ይጠብቅ ነበር። አሁን «ውጣ፣ አባ» እለዋለሁ። ያን ጊዜ ይወጣል።