ቄሱ የጠሩት ስም

ዜናውን የሰማሁት አርባ ምንጭ፣ በባጃጅ ከገበያ ስመለስ ነው። ሾፌሩ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጎታል። ዘፈኑ አለቀና ዜና አንባቢዋ የእሳቸውን ስም ጠራች፤ ደራሲው ትናንት ዐርፈው ዛሬ መቐለ ላይ ተቀበሩ አለች። ቀጥሎ የኳስ ወሬ መጣ። የገዛሁትን ሙዝ እግሬ ሥር እንዳስቀመጥኩ «ነፍሳቸውን ይማር» አልኩ።

ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና «ዘመድ ናቸው እንዴ፣ እህቴ?» አለኝ።

አይደሉም ማለት ከበደኝ። ናቸው ማለትም ውሸት ነው።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ለነፍስ አባቴ ነገርኳቸው። ለደራሲው ስማቸውን በጸሎት ላስጠራላቸው ቃል ገብቼ ነበርና።

«የክርስትና ስማቸው?» አሉኝ።

እኔ የማውቀው መጽሐፉ ላይ ያለውን ነው። እሱን ነገርኳቸው።

«ይሄንንማ አገር ያውቀዋል፣ ልጄ። መሠዊያው ፊት የምንጠራው ሌላውን ነው።» አዘኑልኝ መሰለኝ፣ «‹ባሪያህ› ብለን እናልፋለን፤ ስሙን እሱ ያውቀዋል» ብለው ጨመሩ።

እውነት ነው፣ እሱ ያውቀዋል። ደራሲው የለመኑኝ ግን በስማቸው እንዳስጠራቸው ነበር።

መቐለ ሳድግ የቤታችን ቋንቋ ትግርኛ፣ የእሳቸው መጻሕፍት አማርኛ ነበሩ። እናቴ ምስር ስትለቅም እኔ እያነበብኩ በትግርኛ እነግራት ነበር። አንዲት መበለት የሞተ ልጇን ጫማ ለጎረቤት ልጅ የምትሰጥበት ገጽ ላይ ስደርስ ሰፌዱን አስቀምጣ «በቃ፣ ዝጊው» አለችኝ። በሳምንቱ «ያቺ ሴትዮ ምን ሆነች?» ብላ ራሷ አስከፈተችኝ።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ዓዲ ሓቂ ሰፈር ቤት ስከራይ የአከራዬ ልጅ «እኚያ የምትወጂያቸው ደራሲ ከሰዓት በኋላ ከሰፈሩ ካፌ አይጠፉም እኮ» አለችኝ። መጽሐፉን በነጠላዬ ሸፍኜ ሄድኩ። ጥግ ላይ፣ የቀዘቀዘ ሻይ ፊታቸው አድርገው ተቀምጠዋል። ዐይናቸው እንደጠፋ ያወቅሁት የዘረጋሁትን እጅ ሳይዙት ሲቀሩ ነው።

«እስቲ አንብቢልኝ» አሉ። አነበብኩ።

«ይሄን የጻፍኩት እኔ ነኝ? አቤት ሲረዝም!» ሳቁ። «ደግሞ የእኛው ልጅ ነሽ። ‹ሐዘን› ስትዪ ጉሮሮሽ ትግርኛሽን ያሳብቃል።»

«ይቅርታ፣ አቦይ» አልኩ፣ በቋንቋችን አባቴ ለማለት።

«ምን ይቅርታ አለው፣ ጓለይ፣ ልጄ። ቀጥዪ።»

ከዚያ ወዲያ እየሄድኩ አነብላቸው ጀመርኩ። አንድ ቀን መሐል ላይ አስቆሙኝ። ሚስታቸው ሞተዋል፤ ልጅ አልነበራቸውም።

«መጽሐፉን ሰው ያነሣው ይሆናል። እኔን በጸሎት የሚያነሣኝ ግን የለም። አንቺ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ነሽ፤ ስሞት ስሜን ታስጠሪልኛለሽ?»

«እሺ፣ አቦይ።»

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። አጠገባችን ወንበር ሲጎተት ሰሙና ተመለሱ። «እዚህ ጆሮ በዝቷል። ሌላ ቀን።»

መተተኛ የክርስትና ስም ይዞ ነው የሚሠራው ሲባል ነው ያደግነው፤ በሰው መሐል አይነገርም። እሳቸው በመጽሐፋቸው በመተት ፈሪዎች ያሾፉ ነበር፤ የራሳቸውን ስም ግን ደበቁ። አልፈረድኩባቸውም። የእኔንም ከእናቴና ከነፍስ አባቴ በቀር የሚያውቅ የለም።

ብዙም ሳይቆዩ ካፌ መምጣት ተዉ። ተመርቄ ሥራ አርባ ምንጭ ሲደርሰኝ ልሰናበታቸው እንዳ ኢየሱስ ሰፈር ቤታቸው ሄድኩ። ክፍሉ የመድኃኒትና የሽንት ሽታ አለው፤ ጠያቂ ሞልቶታል። አንዲት ጎረቤት በማንኪያ ውሃ ስታቀምሳቸው በአገጫቸው ይፈሳል።

ሰላም አልኳቸው። «ማነሽ?» አሉኝ።

«አንባቢዎ ነኝ፣ አቦይ።»

እጄን አጥብቀው ያዙ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ጎንበስ አልኩ። ጎረቤቶቹም አብረውኝ ጎንበስ አሉ፤ «ምን አሉ? ምን አሉ?» ይላሉ። አቦይ አፋቸውን ዘጉ።

በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣን ሰው ውጣልኝ አይባልም። ይሄዱ እንደሆነ ብዬ እስኪመሽ ተቀመጥኩ። አንዱ ሲወጣ ሁለት ይገባል። በማግስቱ አውቶቡሴ ተነሣ።

ካረፉ በኋላ ለጎረቤቶቻቸው ደወልኩ። «እኛማ አቦይ ብለን ነው የምናውቃቸው» አሉኝ። ለቀበሯቸው ቄስ ስሙን የነገሩት ከገጠር የመጡ ሽማግሌ ዘመድ ናቸው፤ ተመልሰዋል፣ ስልክም የላቸው። ቄሱማ በየቀኑ ስንቱን ሲቀብሩ ስሙን አያስታውሱትም አሉኝ። ቄሱ ሲጠሩ የሰማ ሰውስ? «ልቅሶው በዝቶ ማን ይሰማል?»

እንግዲህ በቀብራቸው የነበራችሁ፣ ሬሳው አጠገብ የቆማችሁ፣ ፍትሐቱ ላይ ያ ስም ተጠርቷል፤ ሳይጠራ አይቀበርም። ከእናንተ አንዳችሁ ሳትሰሙት አልቀራችሁም። ለእኔ ጻፉልኝ አልልም፤ እሳቸው ወረቀት ላይ እንዲውል አልፈለጉም። ሙት ዓመታቸው ሳይደርስ ግን፣ እባካችሁ፣ በየደብራችሁ ለካህኑ በጆሮ ንገሩልኝ። አደራው የማን ነው ቢሏችሁ፣ ታነብላቸው የነበረች ልጅ ናት በሏቸው።