አባቴ ካርታ የተማረበት ክረምት

ለሥልጠና ሰመራ ከመጣሁ ጥቂት ቀናት ሆኖኛል። መሥሪያ ቤታችን ሥራውን በሙሉ ወደ አዲስ የኮምፒውተር ፕሮግራም እያዛወረ ስለሆነ፣ ከአዋሽ፣ ከሚሌና ከዱብቲ የተሰበሰብን ሠራተኞች አንድ አዳራሽ ውስጥ ታጭቀን እንውላለን። አብዛኞቹ ልጆቼ ሊሆኑ የሚችሉ ናቸው። ዛሬ በሻይ ሰዓት ሁሉም ወደ ጥላው ሲወጣ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ አልወጣችም። ኮምፒውተሯን ስትነካካ ቆይታ ሳቀች።

«ይሄን ጨዋታ ያውቁታል? ልጅ ሆኜ አባቴ ቢሮ እየሄድኩ ስጫወተው ነበር የምውለው። አሁን ደግሞ ኢንተርኔት ላይ አገኘሁት።»

ዞር ብዬ አየሁ። አረንጓዴ መደብ ላይ ካርታው በየረድፉ ተደርድሯል፤ ቀይና ጥቁር፣ ጀርባቸውን የሰጡና ፊታቸውን የገለጡ። «አውቀዋለሁ» አልኳት። ከዚያ በኋላ መቀመጥ አቃተኝ። ወደ በረንዳው ወጣሁ፣ ተመለስኩ፣ እንደገና ወጣሁ። ንፋሱ እንደ ምድጃ አፍ ፊት ይልሳል። ልጅቷ ነካ ያደርጋታል ብላ እንዳትጠረጥረኝ መጨረሻ ላይ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ።

አባቴ አቶ ታደሰ የባቡር ሰው ነበር። አዋሽ ጣቢያ መጋዘን ውስጥ ነው ያረጀው ማለት ይቻላል። እኛ ቤት ምሳ የሚቀርበው፣ ልብስ ከገመድ የሚነሣው፣ ሁሉም በባቡሩ ፉጨት ነበር። በኋላ ባቡሩ መዘግየት አመጣ። ከዚያ ቀን መዝለል፣ ከዚያም ሳምንት። ጣቢያው በር ላይ ሐብሐብና ሽንኩርት ይሸጡ የነበሩት ሴቶች አንድ በአንድ ወደ መኪናው መንገድ ተዛወሩ። አባቴ ብቻ ጠዋት ጠዋት ሸሚዙን አስተኩሶ እየሄደ ባዶውን ሐዲድ ዳር ለዳር ይመላለስ ነበር። በመጨረሻ፣ ገና እየተሠራች በነበረችው ሰመራ የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ውስጥ ሥራ አገኘና ሄደ። ሰመራ የሚከራይ ቤት ስላልነበረ፣ አጠገቧ ያለችው ሎጊያ ላይ አንድ ክፍል ያዘ።

መጀመሪያ በየወሩ ይመጣ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ግን ቀረ። ደሞዙን በሾፌሮች ይልካል፣ ሰላምታ ይልካል፣ ራሱ የለም። እናቴ እንቅልፏን አጣች። ቆማ ትበላለች፤ ጀምራ የተወችው ሥራ በየጥጉ ተቀምጧል።

«ደሞዙን ልኮ ራሱን ያስቀረ ሰው» አለች አንድ ቀን፣ «ራሱን ለሌላ ሰጥቷል ማለት ነው።»

ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኔን ላከችኝ። የዘጠነኛ ክፍል ፈተናዬን ገና መጨረሴ ነበር። «አባትሽን ናፍቄህ ነው የመጣሁት በይው። ዓይንሽን ግን ግለጪ» ብላ ትልቅ ፌስታል ሙሉ ድርቆሽ አሸከመችኝ።

ያን መንገድ ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ አየዋለሁ። አውቶብሱ ውስጥ መጋረጃው ይፈላል። አዳይቱ ላይ የፍየል ወተት በጀሪካን የያዙ የአፋር ሴቶች መስኮቱን እያንኳኩ ተቀበሉን። ሚሌ ምሳ ወረድን፤ የጅቡቲ ከባድ መኪኖች መንገዱን ሞልተው ቆመዋል፣ የናፍጣና የጥብስ ሽታ ተደባልቋል። ሰው ሁሉ እጁን እያጣጠበ ይበላል። እኔ አንድ ጉርሻ አልወረደልኝም። በሐሳቤ ያቺን ሴት እየሣልኳት ነበር፤ አንዴ ቀጭን፣ አንዴ ወፍራም፣ አንዴ ወርቅ ጥርስ ያላት አደርጋታለሁ።

አባቴ ሲያየኝ ደነገጠ። ከስቷል። አቅፎኝ ግንባሬን ሳመና ቶሎ ብሎ ስለ መንገዱ ጠየቀኝ። የቤቱ ባለቤት እትዬ ዘሀራ፣ ከወሎ መጥተው ሎጊያ ላይ ምግብ ቤት የከፈቱ ሴት፣ ሩዝ በሥጋ አቀረቡልኝ። እሳቸውን ነው መጀመሪያ የጠረጠርኩት። ግን ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ መቁጠሪያቸው ከእጃቸው የማይለይ ሴት ናቸው። በዚያ ላይ አባቴን እንደ ታናሽ ወንድም ይቆጡታል።

ፀሐይ ስትጠልቅ አባቴ ተነሣ። «ትንሽ አየር ልቀበል» አለኝ።

«ልምጣ?»

«ደክሞሻል፤ ዕረፊ።»

በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን ተከተልኩት። በመኪናው መንገድ ዳር አለፈ፣ ከጎማ ቤቱ ታጠፈ፣ ሰማያዊ በር ያለው ቤት ገባ። በሩ ላይ የተለጠፈውን ሳነብ ግን ቆም አልኩ፤ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ይላል። አጮልቄ አየሁ። አባቴ በጎረምሶች መካከል፣ ወገቡን አቅንቶ፣ ቤተ ክርስቲያን እንደሚቆም ሰው ተቀምጧል። ቀኝ እጁ ማውዙ ላይ ነው። ይንቀጠቀጣል። ከጠረጴዛው ሥር እግሩ ዕረፍት የለውም። አሠልጣኙ፣ ሁመድ የሚባል ወጣት አፋር፣ «ቀስ ይበሉ ጋሼ፣ ሁለቴ ቶሎ ቶሎ ጠቅ» ይለዋል። አባቴ ጠቅ ያደርጋል፤ ይቆያል፤ ጠቅ ያደርጋል። ከኋላ አንድ ልጅ ሳቀ።

ሴት ባገኝ ይሻለኝ ነበር። አባቴን ሰው ሲስቅበት አይቼ አላውቅም ነበርና።

ሲወጣ በር ላይ አገኘኝ። እስከ ጎማ ቤቱ ድረስ አብረን ሄድን። «ክረምቱ ሲያልቅ ፈተና አለ» አለኝ በመጨረሻ። «ያላወቀ ይሰናበታል እየተባለ ነው። ለእናትሽ ምን ብዬ ልንገራት? ባቡሩ ጥሎኝ፣ እዚህም ደግሞ… ለዚህ ነው ያልመጣሁት። ፊቷን ማየት አቃተኝ።» ከዚያም፣ «እንዳትነግሪያት፤ ራሴ እነግራታለሁ» አለ።

እኔ ደግሞ ኮምፒውተር የማውቀው በአንድ ነገር ብቻ ነበር። አዋሽ ላይ የጓደኛዬ ወንድም ሁለት አሮጌ ኮምፒውተር አምጥቶ ጌም ቤት ከፍቶ ነበር። ከትምህርት ቤት መልስ እዚያ ነበርን። ጭራውን እንዳይነክስ የምንጠብቀው እባብ፣ ከላይ እየወረደ የሚደረደረው ጡብ፣ ከመንገድ ከወጣ የሚገለበጠው መኪና። የስክሪኑ ሙቀት ፊታችንን ያቃጥለናል፤ በአቧራ የተያዘው ፊደል አልጫን ይለናል፤ መብራት ሲጠፋ ሁላችንም በአንድ ድምፅ እናለቅሳለን። ጣቴን ያፍታታው ያ ነው።

በማግስቱ ሁመድን አስፈቅጄ አባቴ አጠገብ ተቀመጥኩና ካርታውን ከፈትኩለት።

«ሥራ ልማር ነው የመጣሁት፣ ሰናይት» አለኝ።

«ማውዝ ልማድ ነው፣ አባዬ። ቀዩን በጥቁሩ ላይ። ይዘህ ጎትት፤ ከዚያ ልቀቅ።»

ጎተተ። ካርታው ከእጁ አምልጦ ወደ ቦታው ተመለሰ። እንደገና ጎተተ። ከቀናት በኋላ እጁ መንቀጥቀጡን ተወ። ሁመድ ራሱ ገርሞት፣ ለሌሎቹ ጀማሪዎችም ይከፍትላቸው ጀመር። አንድ ጊዜ ደግሞ ለለውጥ ብዬ የፈንጂውን ጨዋታ አሳየሁት፤ በተሳሳተ ቦታ ከተጫኑ የሚፈነዳውን። አባቴ ምን እንደሆነ ሲገባው እጁን ከማውዙ አነሣ። «በዚህ አይቀለድም» አለ። ወጣት ሳለ ሐዲድ የሚጠግን ጓደኛው እንደዚያ እንደሞተ የነገረኝ ያን ቀን ነው። ዘጋሁት፤ ዳግመኛም አልከፈትኩትም።

እናቴ ሳምንት ቆይቼ እንድመለስ ነበር የነገረችኝ። እኔ ቀረሁ። በሾፌር «ደህና ነን» ብቻ ብዬ ላክሁላት። አሁን ሳስበው፣ ከዚያ የባሰ መልእክት የለም።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨዋታውን ሊጨርስ ተቃርቦ ነበር። በሩ ተከፈተ። እናቴ የመንገዱን አቧራ እንደ ለበሰች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ቆማለች። ከኋላዋ እትዬ ዘሀራ እያለከለኩ፣ «አብሽሪ አልኳት እኮ፤ ወላሂ እሺ አላለችም» ይላሉ።

እናቴ ቤቱን ቃኘች። ሴት ፈለገች፤ ከእኔ በቀር ሴት የለም። ከዚያ ስክሪኑን አየች።

«ቁማር ነው?» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ልጄንም አስተማርካት?»

አባቴ ተነሥቶ ቆመ። ያለቅሳል ብዬ ፈራሁ። በዚያ ሁሉ ጎረምሳ ፊት፣ አንድም ቃል ሳይደብቅ ነገራት፤ ፈተናውን፣ ስንብቱን፣ ጣቱ እምቢ እንዳለው፣ እንዳፈራት። «ካርታው እጄን ለማፍታታት ነው። ሰናይት ናት ያመጣችው።»

«ለዚህ ነው ከፋሲካ ጀምሮ ያቃጠልከኝ?» አለችና እናቴ የእኔን ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። «በል ጨርሰው እስቲ፤ ልይህ።»

አባቴ ተቀመጠ። ቀዩን በጥቁሩ፣ ጥቁሩን በቀዩ፣ የመጨረሻውን ንጉሥ ወደ ላይ። ያን ጨዋታ የሚያውቅ ሲያልቅ ምን እንደሚሆን ያውቃል፤ ካርታዎቹ እየነጠሩ፣ እየተንከባለሉ፣ ጥላቸውን እየጎተቱ ስክሪኑን ሞሉት። እናቴ ወደ ኋላ ሸሸት አለች። «ምን አደረግከው? ሰበርከው?» ሁመድ ሳቀ፣ አባቴ ሳቀ፣ መጨረሻ ላይ እሷም አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች።

ፈተናውን አላለፈም። ጣቱ ለጽሑፉ ዘገየበት። ግን አላሰናበቱትም፤ ዝቅ አድርገው ዱብቲ ወዳለው መጋዘን ላኩት። ክረምቱ ሲወጣ ዕቃችንን በአይሱዙ ጭነን ከአዋሽ ተነሣን። እኔ መንገዱን ሙሉ ጓደኞቼን እያሰብኩ አኮረፍኩ፤ እናቴ ግን ከጋቢናው ድምፅዋ ይሰማኝ ነበር፣ ከአባቴ ጋር ስታወራ። ጡረታ እስኪወጣ ዱብቲ ሠራ፤ እዚያው ዐረፈ።

ሻይ ሰዓቱ አልቆ ወደ አዳራሹ ስንጠራ አሠልጣኙ ስለ አዲሱ ፕሮግራም ቀጠለ። ሁሉም ይጽፋል። እኔም የምጽፍ እመስላለሁ። ያን ክረምት ለዓመታት ስናወራው የምንስቀው እናቴ ስላሰበቻት ሴት ነበር። አባቴ ስንት ምሽት ብቻውን በዚያ በር እንደገባ ግን ማናችንም አንሥተነው አናውቅም። እኔም በዕድሜው እስክደርስ አልገባኝም። ማንም ሳይሰድበው ከቤቱ ያሰደደው አለማወቁ አልነበረም፤ አለማወቁን ብቻውን መሸከሙ ነው።

ማታ ባለቤቴ፣ አግብቼ ከተመለስኩባት ከአዋሽ፣ ደወለ። እንደ ሰሞኑ «ሥልጠናው እንዴት ነው?» አለኝ። እንደ ሰሞኑ «ጥሩ ነው» ልል አፌን ከፈትኩ።

«አልገባኝም» አልኩት። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ምንም አልገባኝም።»

«እሺ» አለ፣ «የቱ ጋ ነው ያስቸገረሽ? ንገሪኝ።»

ወንበሬን ወደ መስኮቱ ስቤ ተቀመጥኩ፤ ከመጀመሪያው ጀምሬም ነገርኩት።