በሙት ዓመቱ ዋዜማ ጓሮዬ ላይ የተነጠፈው ሳር

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ መጠንከር ሲጀምር፣ በባለቤቴ ሙት ዓመት ዋዜማ ነው። ለሰው ሳወራው ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ብቻዬን ሳስበው ግን ምን እንደሚሰማኝ እስካሁን አላወቅሁትም። ብጽፈው ይለይልኝ ይሆናል።

የምኖረው ቀራንዮ ነው። ጓሯችን ሰፊ ነው፤ ክረምት ሲገባ ግን ማጥ ይሆናል። ልብስ የማሰጣው ደግሞ እዚያው ጥግ ነው። ባለቤቴ በጤናው ጊዜ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ፈልጎ ከኩሽናው በር እስከ ማስጫው ገመድ ድረስ መረማመጃ ሠርቶልኝ ነበር። እኔን ከፊት አስኬደኝና እግሬ ባረፈበት ሁሉ እየቆፈረ አንዳንድ ድንጋይ ቀበረ። ድንጋዮቹ የተለኩት በእኔ እርምጃ ነው። እሱ ሲሄድባቸው ይደናቀፍ ነበር።

ለሙት ዓመቱ የእድሩ ድንኳን የሚተከለው ጓሮ ስለሆነ፣ ቀድሜ የቀን ሠራተኞች ጠርቼ መሬቱን አስደለደልኩ። ድንጋዮቹን አደራ አትንኩ አልኳቸው፤ አልነኩም።

በዋዜማው ጠዋት በር ተንኳኳ። የብረት ቋሚዎችና ወፍራም ጥቅልል የጫነ አይሱዙ ቆሟል። ሰዎቹን አላውቃቸውም፤ የእድሩ ድንኳን ተካዮች ግን በየጊዜው ይለዋወጣሉ። ምንም ሳልጠይቅ፣ "ግቡ፣ ግቡ፣ በጓሮ በኩል ነው" አልኩ።

አለቃቸው ጎንበስ ብሎ መሬቱን አየ። "ተደልድሏል እንዴ ማዘር?"

"ትናንት አስደልድዬዋለሁ።"

"ጎሽ፣ ሥራ ቀነሱልን!"

እኔ ከባለቤቴ ታላቅ እህት ከእትዬ ታደለች ጋር ሽንኩርት ወደ መክተፉ ገባሁ። ቤቱ በሥራ ተወጥሯል። ረፋዱ ላይ የሙጫ ሽታ ሸተተን። እትዬ ታደለች ልታይ ወጣችና ወዲያው ተመለሰች።

"ወንድሜ ኳስ ይወድ ነበር እንዴ?" አለችኝ።

"የምን ኳስ?"

"ነይ ራስሽ እዪው።"

ጓሮዬ አረንጓዴ ሆኗል። ዳር እስከ ዳር የፕላስቲክ ሳር ተነጥፎበት፣ ነጭ መስመር ገብቶለት፣ በአንዱ ጫፍ የጎል ብረት ቆሟል። አንዱ ሠራተኛ ከከረጢት አሸዋ እየበተነ በመጥረጊያ ያዳርሰዋል። ቢላዋዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

"ማነው ያዘዛችሁ?" አልኩ።

"አባወራው ናቸዋ" አለ አለቃው። "ባለፈው ሳምንት በስልክ አዋርተውኛል።"

ባለቤቴ ሳይነግረኝ ነገር ሠርቶ ማስደነቅ ይወድ ነበር። ከመደንገጤ በፊት አንዲት አፍታ ደስ ያለኝ ይመስለኛል።

"በስመ አብ!" አለች እትዬ ታደለች። "ነገ እኮ ዓመቱ ነው!"

"የማን ዓመት?"

"የአባወራው!"

መጥረጊያ የያዘው ሠራተኛ መጥረጊያውን ለቀቀው። አለቃው ፊቱ አመድ መስሎ ስልኩን አወጣና ደወለ። ስልኩ ከአጥሩ ማዶ ጮኸ።

ያነሳው ጎረቤታችን ደምሴ ነበር። ለልጆቹ የኳስ ሜዳ አዝዞ ከጠዋት ጀምሮ ግቢው ውስጥ ሆኖ ይጠብቃል። ለሠራተኞቹ የሰጣቸው ምልክት "ከመድኃኔዓለም ቁልቁል፣ ሰማያዊ በር" የሚል ነው። በእኛ መንገድ ሰማያዊ ያልሆነ በር የለም።

ደምሴ እየሮጠ ገባ። ሜዳውን አየ፣ እኔን አየ፣ ነጠላዬን አየ። በዚህ መሀል የእድሩ ሰዎች እውነተኛውን ድንኳን ይዘው ደረሱ። አንዱ አንገቱን አስግጎ፣ "ምነው እትዬ፣ ሌላ እድር ገቡ እንዴ?" አለ።

አለቃው ሙጫው ሳይደርቅ ሳሩ ቢነሳ እንደሚቀደድ ተናገረ። ደምሴ ጥቂት አሰበ።

"ይቆይ። ነገ የጋሼ ቀን ነው" አለ። "ብቻ ካስማ አትምቱበት።"

"ታዲያ ቄሱ ፊሽካ ይዘው ይምጡ?" አለች እትዬ ታደለች። የሳቀ ሳቀ። የድንኳኑን ገመድ በአሸዋ ከረጢቶች ላይ አሰሩት።

ድንጋዮቹ ትዝ ያሉኝ ያኔ ነው።

"ድንጋዮቼስ?"

"የቱ ድንጋይ? እነሱማ ተነቅለው ውጭ ተጥለዋል" አለ አለቃው።

ሮጥኩ። ከበሩ አጠገብ ከነበረው ክምር የቀሩት ጥቂቶች ናቸው። ደምሴ ተከትሎኝ ወጣና ነገሩን ስነግረው ፍለጋ ጀመረ። አንዱን ከሱቁ ደጃፍ አገኘው። አንዱ ዳገቱ ላይ ከቆመ ሚኒባስ ጎማ ስር ተወትፏል።

"ፋዘር፣ ድንጋይ እኮ ነው!" ይላል ሾፌሩ።

"የሰው ነው አልኩህ!"

"መኪናዬ ትንሸራተት?"

ደምሴ ከግቢው ሌላ ድንጋይ አምጥቶ ለወጠው። ሁሉም ተገኙ።

በማግስቱ እንግዶቹ ሳሩን ምንጣፍ መስሏቸው ጫማቸውን እያወለቁ ገቡ። ተዉ የሚል አልነበረም። ጸሎቱ ደረሰ፣ ሰውም በልቶ መርቆ ሄደ። እኔ ቀኑን ሙሉ የማየው መሬቱን ነበር።

ከቀናት በኋላ ሠራተኞቹ ሳሩን ጠቅልለው ወደ ደምሴ ጓሮ አሻገሩት። ድንጋዮቹ የተነቀሉበትን ጉድጓድ በአሸዋ ሞልተውት ስለነበር ቦታው በደንብ ይታያል። አለቃው በጣም አፍሮ ነበር።

"ይራመዱ ማዘር" አለኝ። "እግርዎ ባረፈበት እንቀብራለን።"

ከኩሽናው በር ተነስቼ ተራመድኩ። እግሬ አሸዋው ላይ አላረፈም። አንዱንም አላገኘውም። እርምጃዬ አጥሯል። መቼ እንዳጠረ አላውቅም።

"በአዲሱ እርምጃዎ ይሁንልዎት፣ እንዳይወድቁ" አለ አለቃው። ደምሴም እንዲሁ አለ። ልክ ናቸው። ገመዱ ስር ቆሜ በአሸዋ የተሞሉትን ጉድጓዶች አንድ በአንድ አየኋቸው። በኋላ፣ "በድሮው ቦታ ይቀበር" አልኩ።

አሁን ከአጥሩ ማዶ የደምሴ ልጆች ኳስ ሲጠልዙ ይሰማኛል። ልብስ ላሰጣ ስወጣ እግሬን ዘርጋ እያደረግሁ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እሻገራለሁ። እትዬ ታደለች ባየችኝ ቁጥር ትቆጣለች፤ ክረምት ሲመጣ አንድ ቀን ትሰበሪያለሽ ትለኛለች። ልክ ሠርቼ እንደሆነ አላውቅም። እግሬ ግን እስካሁን ይደርሳል።