ከሽቦው ወዲያ የቀረች እናት

ሰሞኑን ቴሌቪዥኑ የራፋን የድንበር አጥር ሲያሳይ ልጆቼ ጣቢያ ሊቀይሩ ነበር። ተዉት አልኳቸው። ከተማዋን አይቻት አላውቅም፤ ግን በደርግ ጊዜ ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የቀበሌ ግቢ አብሮን የኖረው ሐላዋ ሠሪ፣ በአረብኛ አጎቴ ለማለት ዓሚ ዩሱፍ የምንለው፣ የተወለደው እዚያ ነው።

ከአገሩ የወጣው በጎረምሳነቱ ነበር። ከመጀመሪያው የአረቦችና የእስራኤል ጦርነት በኋላ ከተማዋን ግብፅ ያዘቻት። በስድስቱ ቀን ጦርነት ደግሞ እስራኤል ጋዛንም ሲናንም ጠቅልላ ወሰደችና፣ ውጭ የነበረውን ስላላስገባች እሱ በወጣበት ቀረ። የሚገርመው፣ ጌታው በተቀያየረ ቁጥር ከተማዋ ሳትከፈል ነበር የምታልፈው። እናቱ በአንዱ ጫፍ፣ እህቱ በሌላው ሆነው ምሳ ይዘው ይጠያየቁ ነበር።

እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ሲና በእርቅ ለግብፅ ተመለሰ። የሚያዝያ ሙቀት ነበር። ድሬ ሱቋን ዘግታ በምትተኛበት ቀትር፣ ዓሚ ዩሱፍ ትልቁን ድስት ጣደ፤ የሄሉና የቅቤው ሽታ ግቢውን ሞላው። የደስታ ሐላዋ አይሸጥም፣ ይታደላል፤ እኔንም ትሪ አሸክሞ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ድረስ አዞረኝ። “ራፋ ተመለሰች፣ ልጄ። በካይሮ ዞሬ እናቴ ቤት እገባለሁ” አለኝ። ምድር ባቡር የሚሠራው አባቴ እስከ ጅቡቲ ሊሸኘው ቃል ገባ።

ክረምቱ ሲገባደድ አንድ ነጋዴ ከጅቡቲ በባቡር ሲመጣ እህቱ የላከችውን ካሴት አደረሰለት። ቴፕ ያለው እኛ ቤት ስለነበር ተሰብስበን ከፈትነው። በሰፈራችን አረብኛ የማይሰማ ሰው አልነበረም። እህቱ እያለቀሰች ነገረችው። አዲሱ ድንበር ከተማዋን መሃል ለመሃል ቆርጧታል፤ እሷ ግብፅ ውስጥ ሆናለች፣ እናታቸው ግን እስራኤል በያዘችው በኩል ቀርታለች። የሚገናኙት ከሽቦው ግራና ቀኝ ቆመው እየተጯጯሁ ነው። የድምፅ መቅጃውንም እዚያው ሽቦው ድረስ ይዛ ሄዳ ነበር። ከነፋሱ ጋር የአሮጊት ድምፅ መጣ።

“ዩሱፍ ደህና ነው? ጮክ በዪ፣ አይሰማኝም።”

ዓሚ ዩሱፍ ቴፑ ላይ አጎነበሰና፣ “ደህና ነኝ፣ ዩማ” አለ፤ እማ ማለቱ ነው።

“አይሰማኝም” አለች አሮጊቷ።

ያን ጊዜ ዓሚ ዩሱፍ የግቢው ሰው ሁሉ እስኪወጣ ድረስ “ደህና ነኝ!” እያለ ጮኸ። አባቴ ቴፑን ሊያጠፋ እጁን ሰደደና መለሰው።

ዓሚ ዩሱፍ እናቱን ሳያይ ድሬ ተቀበረ። ጦርነቶቹ ያልለያዩአቸውን እናቱንና እህቱን እርቁ ለያያቸው፤ ይህ እስከ ዛሬ አይዋጥልኝም።

ቴሌቪዥኑ ላይ ሰዎች በሽቦው አጠገብ ቆመው አፋቸው ይንቀሳቀሳል። የሚሉት ስላልተሰማኝ ድምፁን ጨመርኩት።