ድምፃችንን የበላን ዕለት

ነገሩ የሆነው ካቻምና በፍልሰታ ጾም፣ ሰባታሚት ባለው ዕድራችን ነው። ዘንድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ በምማርበት ክፍል መምህራችን «ኑሮ ሲወደድ የመራጩ ልብ ይቀየራል፣ አዳዲስ ፓርቲዎችም ይወለዳሉ» እያለ ሲያስረዳ እኔ ደብተሬ ላይ አቀርቅሬ ከሳቄ ጋር እታገላለሁ። እሱ ከመጽሐፍ ያነበበውን እኔ በዐይኔ አይቼዋለሁ።

ዕድራችንን ለብዙ ዓመት የመሩት መሪጌታ ልሳነወርቅ ናቸው። በወጣትነታቸው ጣና ላይ ባለ ገዳም ያገለገሉ፣ አሁን ጥርሳቸው ያለቀ፣ ቀልዳቸው ግን ያላለቀ ሽማግሌ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ሲል ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ሌላው ሰው መሪጌታ ሲላቸው እኔ የኔታ እላቸዋለሁ።

ድሮ የዕድር ምርጫ ለይስሙላ ነበር። «መሪጌታ ይቀጥሉ» ይባላል፣ ይጨበጨባል፣ ወደ ቤት ይገባል። በዚያ ዓመት ግን ዘይት አልቀመስ አለ፤ ዕድራችንም ለሁለት ተከፈለ። መሪጌታ፣ አሮጌው ድንኳን ዝናብ ስለሚያስገባ በዕድሩ ገንዘብ አዲስ ይገዛ አሉ። ጥላሁን የሚባል የፋብሪካ ሠራተኛ ደግሞ ለመሪነት ልወዳደር ብሎ ተነሥቶ፣ ዘይትና ዱቄት በጅምላ ገዝተን ለአባላት እናከፋፍል አለ።

«ለሞተ ሰው ጥላ ትገዛላችሁ፤ በሕይወት ያለው ወጡን በውኃ እየሠራ ነው!»

«ድንኳኑ ለሟቹ መሰለህ?» አሉት መሪጌታ። «ሟቹማ ተቀብሯል። ዝናብ የሚመታው አንተን ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ «ድንኳን» እና «ዘይት» ሆነ። ሽማግሌዎቹ ድንኳን፣ ልጅ የሚያሳድጉት ዘይት። ባጃጅ ውስጥ ሳይቀር «አንቺ የማን ነሽ?» ይባል ነበር። እኔ ምርጫውን እንዳስፈጽም ስለተመረጥሁ «የማንም» እላለሁ። በልቤ ግን መከራ ላይ ነበርሁ። ቤቴ ዘይት የለም፤ የማነበው ፊደል ደግሞ የየኔታ ነው።

ሁሉም አባል ስለማያነብ፣ የሚያከራክር ጉዳይ ሲመጣ ድምፅ የምንሰጠው በጥሬ ባቄላ ነበር። አንዳንድ ፍሬ ይታደላል፤ መራጩ ከመጋረጃ ጀርባ ካሉት ሁለት የዕድር ድስቶች ወደ አንዱ ይጥላል። ባለፈው ጊዜ ታዲያ መዋጮ ይጨመር አይጨመር ሲባል ባቄላ ከቤታቸው በኪስ ይዘው የመጡ ነበሩና ፍሬው ከሰዉ ቁጥር በልጦ ተገኘ። እንዲህ ያለ ነገር እኔን እንቅልፍ ይነሣኛል። ስለዚህ ማንም ከጓዳው የማያገኘውን ፈለግሁ። ከአንዲት ቆሎ ሻጭ በእርድና በጨው የታሸ፣ ቢጫ የሽምብራ ቆሎ አሠራሁ። በጉባኤው ፊትም ቆሜ፣ «ራሴ አሽጌ አመጣሁት፤ አንዲት ፍሬ አልቀመስሁም፣ አልቀምስምም» አልሁ። ለሌባ መድኃኒት አግኝቻለሁ። የራበውን ሰው ግን አላሰብሁትም።

ዕለቱ እሑድ ነበር፤ ሰዉ ከጠዋት ቅዳሴ በቀጥታ የመጣ ነው፤ እህል በአፉ አልዞረም። ጥላሁንና መሪጌታ ደግሞ እስከ ስድስት ሰዓት እየተቀባበሉ ተናገሩ። ከዚያ ቆሎው ታደለ፤ ሰዉ ተራ በተራ መግባት ጀመረ። እኔ መጋረጃው አጠገብ ተቀምጬ በእያንዳንዱ ስም ላይ ምልክት አደርጋለሁ። አልፎ አልፎ ከውስጥ ቀርጨም የሚል ድምፅ እሰማለሁ። የድስት ክዳን መሰለኝ።

ዘጠና ሁለት ሰው ገብቷል። በጉባኤው ፊት ስንቆጥር ከድንኳን ድስት ሠላሳ ሰባት ፍሬ፣ ከዘይት ድስት ሃያ አራት ወጣ። ደግሜ ቆጠርሁ። ሠላሳ አንድ ፍሬ የለም። ድስቶቹን ገለበጥሁ፤ ተንበርክኬ መሬቱን ዳበስሁ።

«ተሰረቅን!» ብሎ ጥላሁን ተነሣ። የዘይት ወገን ሁሉ አብሮት ተነሣ። የጥላሁን ዋና ደጋፊ የሆኑት እትዬ የሺ ግን ሻሻቸውን አፋቸው ላይ እንደያዙ፣ «ኧረ ተው ልጄ፣ ሰው አትውቀስ። የኔን እኔው በልቸዋለሁ» አሉ።

ከዚያ አንዱ «እኔም» አለ። ከወዲያ አንዷ «ሽታው እኮ ነው!» አለች። ለካ የዘይቶቹ ርቧቸው በልተውታል። ድንኳኖቹ ደግሞ ቢያምራቸውም የሚያኝኩበት ጥርስ የላቸውም።

መሪጌታ ድዳቸው እስኪታይ ሳቁ። በደንባችን ብዙ ፍሬ ያገኘ ያሸንፋል፤ ያሸነፉት እሳቸው ነበሩ። እኔም ደንቡን ገልጬ ላነብ ስል እጃቸውን አነሡ።

«ተይው የኔ ልጅ። ጥርስ በማጣት የተገኘ ወንበር ላይ አልቀመጥም። ሂዱና ጠጠር ልቀሙ።»

ከመንገድ ዳር ጠጠር ለቅመን መጣን። ሌላው እጃችን ባዶ መሆኑን እያዩ እሳቸው ራሳቸው አንድ አንድ መዳፋችን ላይ አስቀመጡልን። ዘይት ሃምሳ አራት፣ ድንኳን ሠላሳ ስምንት። አንድም አልጎደለም።

በወሩ ዘይቱ መጣ። ከሰልፉ ፊት ጀሪካን ይዘው የቆሙት ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? የኔታ። እኔ ከኋላቸው ነበርሁ። ዞር አሉና ቀስ ብለው፣ «ያ ቆሎሽ ጨው አልበዛበትም ነበር?» አሉኝ።

«ኧረ ልክ ነበር፣ የኔታ።»

ካፌ ካመለጠኝ በኋላ ነው የገባኝ። እሳቸው ወደ ፊት ዞሩ፤ ከኋላ ሳያቸው ግን ጋቢያቸው በሳቅ ይርገበገባል።

ከሠላሳ አንዱ አንዷ የኔ ነበረች። ከሁሉም በኋላ ገብቼ በሁለቱ ድስቶች መካከል ቆምሁ። የአንዱን ክዳን ከፈትሁ፣ መልሼ ዘጋሁ። የሌላውን ከፈትሁ። ምን እንደማደርግ ሲጠፋኝ ፍሬዋን ወደ አፌ አደረግኋት። ጠጠር ግን አይበላም። የት እንደጣልሁት የኔታ አልጠየቁኝም፤ ጀሪካኔን አይተዋል።

ያ ድንኳን ዛሬም ያፈሳል። ለቅሶ ላይ ተቀምጬ ጠብታው ማጅራቴ ላይ ሲያርፍ አፍራለሁ። ቤቴ ገብቼ ሽንኩርት ሳቁላላ ደግሞ እረሳዋለሁ።