«ጥያቄ ምልክት አርፋለች»

ስሜን በጥያቄ ምልክት የለወጡብኝ የገዛ እድሬ ሰዎች ናቸው። ይህ ይጻፍልኝ።

አዘዞ ያለው እድራችን መዝገቡን ከደብተር ወደ ኮምፒውተር ባዛወረ ሰሞን የአባላት ዝርዝር ታትሞ በስብሰባ ቀን አዳራሹ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። መነጽሬን አድርጌ ቀረብኩ። ከላይ የኮሚቴዎቹ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ተደርድሯል። ከዚያ በታች፣ የኛ የተራ አባላቱ ስም መኖር በነበረበት ቦታ፣ ???? ???? ብቻ ነው።

ጸሐፊያችን መምህር ነው፤ ፕሮግራሙንም የጻፈው እሱ ነው። «ምነው?» አልኩት።

«እማማ፣ እኔ ቤት ሸጋ ሆኖ ነበር የሚታየው። ኮምፒውተር በየትኛው ፊደል እንደሚያነብ ካልተነገረው የለመደውን ይወስዳል። ይሄ የእድሩ አሮጌ ኮምፒውተር ደግሞ የለመደው የፈረንጁን ነው። ለጊዜው አባል መሆንዎን ለማረጋገጥ በአባልነት ቁጥርዎ ጎን በጣትዎ ይፈርሙ።»

በጣቴ! እኔ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ልጅ አዝዬ ፊደል የቆጠርኩት ጣቴን ቀለም ላለመንከር ነው። አጣርቼ የምጽፈው ስሜን ብቻ ነው፤ እሱንም ላስወስድ?

«ስሞትስ ጡሩምባ ነፊው ምን ብሎ ሊለፍፍ ነው? ‹ጥያቄ ምልክት አርፋለች፣ ቀብር ስድስት ሰዓት›?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሊቀመንበሩ ግን አልሳቀም። «የርስዎን እንደኛው በእንግሊዝኛ ይጻፍልዎትና ይገላገሉን» አለ።

ጸሐፊው ጻፈና ጮክ ብሎ አነበበው። ስሜ ውስጥ ያለችው ጠ፣ ተ ሆና ወጣች።

«ይህቺን ሴትዮ አላውቃትም» አልኩ። «ደግሞስ የኔ ብቻ ተጽፎ፣ ከኔ በታች ያሉት ምን ሊሆኑ?»

«እሺ፣ ይሄን ኮምፒውተር አማርኛ አስለምደዋለሁ» አለ ጸሐፊው።

«እሱ ተበላሽቶ ሌላ ሲመጣስ?»

ጭንቅላቱን አከከ። «ፕሮግራሙ ውስጥ ራሱ ‹በአማርኛ ፊደል አንብብ› ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ያኔ ማሽኑ ምንም ይልመድ ምን ለውጥ የለውም። ግን መዝገቡ የሚከፈትበት ቦታ ሁሉ መነካት አለበት፤ ሥራው ይበዛል።»

«ይብዛ! እስኪያልቅ አልፈርምም።»

አልፈረምኩም። ሁለት ስብሰባ ሙሉ «የእድሩ ችግር» እየተባልኩ ተቀመጥኩ። በሦስተኛው አዲስ ዝርዝር ተለጠፈ። በጣቴ እየተከተልኩ ወረድኩ፤ ስሜን ከነጠዋ አገኘሁት። የጎረቤቶቼም አለ። ጸሐፊው እስክሪብቶ ዘረጋልኝ። አልተቀበልኩትም።

«ነገ ሌላ ኮምፒውተር ቢመጣና የሚነግረው ሰው ቢጠፋስ?»

«እማማ፣ ትእዛዙ ፕሮግራሙ ውስጥ ተጽፏል፤ ከእንግዲህ ማንም ሳይነግረው በሀ ሁ ነው የሚጀምር።»